ቦርጫሙ እንሰት

ከሶዶ ተነስቶ ወደ ዲምቱ የሚሄድ ሰው ከፍታውን በእንሰቱ ማወቅ ይችላል። ደጋውና ወይናደጋው ላይ እያንዳንዱን ቤት ከጓሮ አቅፎ የቆመው እንሰት፣ ወደ ቢላቴ ወንዝ እየተወረደ ሙቀቱ ሲጨምር ይሳሳል፤ ቦታውንም ለበቆሎ ይለቃል። እኔ የቆምኩት ከዲምቱ ወጣ ብሎ፣ እንሰቱ ገና ጓሮ በሚሞላበት ቦታ ነበር። የቤቱ እመቤት ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። አማርኛ ቢሰሙም መናገሩን ለልጃቸው ትተውታል፤ ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አልኩ፣ ከራሴ ቁመት ሁለት እጥፍ ወደሆነው ተክል እየጠቆምኩ። እንሰት መሆኑማ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በወላይትኛ «ኡታ» እንደሚባልም ሰምቻለሁ። ቃሉን ከእርሳቸው አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

«ሃላ» አሉኝ።

ወደሚቀጥለው ጠቆምኩ። «ማዚያ» አሉ። ከጥጉ ያለውን ራሳቸው ቀድመው «ገፈታኑዋ» ብለው ነገሩኝ። ለእኔ ዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሰፊ ቅጠል፣ ወፍራም ግንድ፣ አረንጓዴ። አንድም ጊዜ «ኡታ» የሚለው ቃል አልወጣቸውም። ለካ ጥያቄዬ ራሱ የሞኝ ነበር፤ በግ ገዝቶ የመጣን ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ልጁ ጣልቃ ገባ፦ «በሳይንስ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም ይባላል።» እናቱ ምን እንዳለ ጠየቁት፤ ተረጎመላቸው። «ሁሉም?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ስለዚያች «ሁሉም» ነው። የሳይንስ ሰዎች ሕያዋንን እንዴት እንደሚመድቡና ስም እንደሚሰጡ ለማወቅ፣ ከአንድ የወላይታ ጓሮ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መመደብ ለወላይታ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወላይታ ውስጥ ከመቶ በላይ ጎሳዎች አሉ፤ ሁሉም ደግሞ ከሁለት ታላላቅ ወገኖች በአንዱ ሥር ይወድቃሉ፤ ወይ ማላ ናቸው፣ ወይ ዶጋላ። ልጅ የአባቱን ጎሳ ይወስዳል። በባህሉ መሠረት ማላው ከዶጋላ፣ ዶጋላውም ከማላ ያገባል፤ በአንድ ወገን ውስጥ መጋባት ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጎሳውን ከተናገረ ወገኑን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ትንሹ ሳጥን በትልቁ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንዱ ጎሳ በሁለቱም ሳጥን ውስጥ ሊሆን አይችልም። ሥነ ሕይወት የሚጠቀምበት ምደባም አሠራሩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሳጥኖቹ መብዛታቸው ነው። በአማርኛ ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ እያልን ከሰፊው ወደ ጠባቡ እንወርዳለን።

እንሰትን በዚህ መሰላል ብናወርደው ዘመዶቹን እናገኛለን። በክፍለ መደብ ደረጃ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና እርድ አብረውት ይሰለፋሉ። ወላይታ ገበያ ላይ እንሰትና ዝንጅብል ጎን ለጎን ሲሸጡ ያየ ሰው የሩቅ ዘመዶችን ነው ያየው። ወደ አስተኔ ስንጠብ የሚቀሩት ሦስት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ ሙዝ፣ እንሰት፣ እና በቻይና ተራሮች የሚበቅል አንድ ትንሽ ወርቃማ አበባ ያለው ተክል። ከዚያ ወገኑ ኤንሴቴ ነው፤ ዝርያው ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም።

የሁለት ቃል ስም የሚሠራው በእኛ ስም ግልባጭ ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን፤ ሳይንስ የቤቱን ስም አስቀድሞ የልጁን ያስከትላል። ይህን ልማድ ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው፤ ለዕፅዋት በ1753፣ ለእንስሳት በ1758 ባሳተማቸው መጻሕፍት። ከእርሱ በፊት የአንድ ተክል ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ቅጠሉ እንዲህ፣ አበባው እንዲያ እያለ የሚቀጥል የላቲን ሐረግ። እያንዳንዱ ምሁር ደግሞ የራሱን ሐረግ ይጽፋል። ሊኔየስ ሐረጉን ወደ ሁለት ቃል ቆረጠው፤ ዓለምም ተገላገለ።

ሊኔየስ ወጣት ሳለ ዝና ካገኘባቸው ነገሮች አንዱ የእንሰት የአጎት ልጅ መሆኑ ደስ ይለኛል። ሆላንድ ውስጥ የአንድ ባለጠጋ የአትክልት ቦታ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1736 በመስታወት ቤት ውስጥ የነበረውን የሙዝ ተክል አሳምሮ ይዞ አበባ እንዲያወጣና እንዲያፈራ አደረገው፤ ለአውሮፓ ይህ ትንግርት ነበር፤ እርሱም ስለ ሙዝ ብቻ መጽሐፍ ጻፈበት። ለወገኑ የሰጠው ስም «ሙሳ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የእኛም «ሙዝ» ከዚያው ምንጭ ነው። ስለዚህ ሻሸመኔ መንገድ ዳር «ሙዝ፣ ሙዝ» ብሎ የሚጮኸው ልጅ ሳያውቀው ግማሽ ላቲን ይናገራል ቢባል ውሸት አይደለም።

ሊኔየስ ግን ዘመድነትን የሚያጣራው በመመሳሰል ነበር፤ በተለይ የአበባን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች እየቆጠረ። ሁለት ተክሎች ለምን ይመሳሰላሉ የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የፈጣሪ ጉዳይ ነው። ዳርዊን በ1859 ሌላ መልስ ሰጠ፤ የሚመሳሰሉት ከአንድ ወላጅ ስለወረዱ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ወላይታ ውስጥ እንግዳ የሚጠየቀውን ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፤ «የማን ልጅ ነህ?» መልሱን ደግሞ ዛሬ በዲኤንኤ ይፈልጉታል።

አሁን ወደ ስሙ ታሪክ እንምጣ፤ ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1790 የጉዞ ታሪኩን በአምስት ትልልቅ ቅጾች አሳተመ። በመጨረሻው ቅጽ ውስጥ የእንሰት ሥዕልና መግለጫ አለ፤ ስሙን ከሰማው ሳይለውጥ «ኤንሴቴ» ብሎ ጻፈው። ሥዕሉን ያዩ አንዳንድ ሰዎች «ይሄማ ሙዝ ነው» እንዳሉት ያነሳና አጥብቆ ይቃወማል፤ ሙዝ አይደለም ይላል። ብሩስ በብዙ ነገር አጋኖ ጽፏል ተብሎ በዘመኑ የተሳቀበት ሰው ነው። በዚህ ግን ትክክል ነበር።

የሰማው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1791፣ ዮሐን ፍሪድሪክ ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ የሊኔየስን መጽሐፍ አስፍቶ ሲያሳትም የብሩስን ተክል ጨመረው፤ ስሙንም «ሙሳ ኤንሴቴ» አለው። እንሰት የተባለው ሙዝ እንደማለት ነው። ብሩስ አይደለም ብሎ የጮኸለትን ነገር፣ ተክሉን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ሰው በሁለት ቃል ዘጋው።

ከዚያ ወደ ሌላ የአፍሪካ ዳርቻ እንሻገር። እንሰት በዱር የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በምሥራቅ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አፍሪካ ሁሉ ይገኛል። ተክሉን አላምዶ የዕለት ጉርሱ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ለፖርቱጋል መንግሥት ተቀጥሮ አንጎላ ውስጥ ዕፅዋት የሚሰበስበው ኦስትሪያዊ ፍሬድሪክ ቬልዊች ይህን የዱር ተክል አገኘ፤ ከብሩስ ተክል ጋር አንድ መሆኑን ሳያውቅ በ1859 «ሙሳ ቬንትሪኮሳ» ብሎ ሰየመው። ቬንትሪኮሳ ሆዱ የተነፋ ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ቦርጫም። የእንሰት ግንድ ከሥሩ ወፈር ስለሚል ነው። ልብ በሉ፣ ዳርዊን መጽሐፉን ያወጣበት ዓመት ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1862፣ ሩሲያዊው ፓቬል ሆራኒኖቭ ብሩስን አምኖ እንሰትን ከሙዝ ለይቶ የራሱ ወገን አደረገው። ወገኑን «ኤንሴቴ» አለው፤ ዝርያውን ደግሞ «ኤዱሌ»፣ ማለትም የሚበላ። ኤንሴቴ ኤዱሌ! ለቆጮና ለቡላ አገር ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ግን የእጽዋት ተመራማሪዎች ከሰማንያ ዓመት በላይ ችላ ብለውት እንሰትን ሙዝ እያሉ ቀጠሉ። በ1947 እንግሊዛዊው ኧርነስት ቺዝማን የሙዝን ምደባ እንደገና ሲመረምር ሆራኒኖቭ ልክ እንደነበረ አረጋገጠ። ሙዝ ከሥሩ ልጆች እያወጣ ይቀጥላል፤ እንሰት በራሱ ፈቃድ ይህን አያደርግም፣ አንዴ አብቦ ይሞታል። የእንሰት ፍሬ ዘሩ ትልልቅና ድንጋይ የሚያህል ጠጣር ነው። የክሮሞዞም ቁጥራቸውም ይለያል፤ የእንሰት መሠረታዊ ቁጥር 9 ነው፣ የምንበላው ሙዝ ግን 11። ብሩስ በ1790 ያለው ከ157 ዓመት በኋላ ተቀባይነት አገኘ።

ወገኑ ስሙን አገኘ። የዝርያው ስምስ? እዚህ ላይ ሕግ ይመጣል። የዕፅዋት ስም አሰጣጥ ሕግ ከ1867 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ጉባኤ እየተሻሻለ የመጣ ነው፤ ዋናው አንቀጹም የቀደመ ስም ይጸናል የሚል ነው። ከሦስቱ እጩዎች የሚቀድመው የግሜሊን «ኤንሴቴ» ነው፤ 1791። ነገር ግን ወገኑም ኤንሴቴ ሆኗልና ሙሉ ስሙ «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» ሊሆን ነው፤ የዕፅዋት ሕግ ደግሞ የወገንና የዝርያ ስም እንዲደገም አይፈቅድም። የእንስሳት ሕግ ይፈቅዳል፤ ሌሊት ሌሊት የምንሰማው ጅብ በሳይንስ ስሙ «ክሮኩታ ክሮኩታ» ነው፣ ማንም አልከሰሰውም። ለእንሰት ግን ግሜሊን ወደቀ። ቀጣዩ የ1859ኙ ቦርጫም ነው፤ የ1862ቱ የሚበላው በሦስት ዓመት ተቀደመ። እናም ሚሊዮኖችን የሚመግበው የኢትዮጵያ ተክል፣ አንጎላ ውስጥ በሚበቅለው የዱር ዘመዱ ስም «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ሆኖ ቀረ። የኋላው ፊደል የተለወጠው በላቲን ሰዋስው ምክንያት ነው።

በዚህ የምናዝን ብንሆንም መጽናኛ አለን። የፊተኛው ስም፣ የቤቱ ስም፣ የእኛ ነው። በእንግሊዝኛ «ሐሰተኛ ሙዝ» የሚባለው ግን ሁሌም ያናድደኛል። ሙዝ ከእስያ ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንሰት ባለአገር። እንግዳው እውነተኛ፣ ባለቤቱ ሐሰተኛ!

የቀደመ ስም ይጸናል የሚለው ሕግ ለስህተትም ያገለግላል። ሊኔየስ በ1753 ቡናን «ኮፊያ አራቢካ» ሲለው የዐረብ አገር ተክል መስሎት ነው። የትውልድ ቦታው የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑን ዛሬ ሁሉም ያውቃል፤ ስሙ ግን አይነካም። ስም የሚጠራው ለመለየት እንጂ ለመመስከር አይደለም ይላሉ። ጤፍ ዕድለኛ ነው፤ በ1775 ፍሎረንስ ላይ የሰየመው ጣሊያናዊ ዙካኚ የእኛኑ ቃል ስለያዘ፣ ወገኑ ቢለወጥም ዛሬም «ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ነው። ኮሶ ደግሞ ግማሽ ግማሽ ነው፤ የኋላ ስሙ «አቢሲኒካ» አገሩን ይጠራል፣ የፊት ስሙ ግን «ሃጌኒያ» የጀርመን ፋርማሲስት ማስታወሻ ነው።

ሕጉ ግን ፈጽሞ አይንበረከክም ማለት አይደለም። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ከ200 በላይ ስሞች ላይ ያለውን «ካፍራ» የሚል ቃል «አፍራ» እንዲባል በድምፅ ወሰነ። ቃሉ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች የሚሰደቡበት ስለሆነ ነው። አንዲት «ካ» ናት የወደቀችው፤ ግን ለዚህች አንዲት ፊደል ለዓመታት ተሟግተዋል። ስህተት ይኖራል፣ ስድብ ግን ይነሳል ማለት ነው። ድንበሩ እዚህ ላይ መቆሙ ትክክል ይመስለኛል፤ የተሳሳተ ስም ሁሉ ይታረም ቢባል በየዓመቱ ማንም የማንንም መጽሐፍ ማንበብ አይችልም ነበር።

ስም ብቻውን በአየር ላይ አይቆምም፤ የሚታሰርበት ምስክር ያስፈልገዋል። አንድ ዝርያ ሲሰየም አንድ ናሙና ተመርጦ በሙዚየም ወይም በዕፅዋት ቤተ መዛግብት ይቀመጣል። ክርክር ቢነሳ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ከወላይታ በስተደቡብ ወዳለው ነጭ ሳር ፓርክ በ1990 የሄዱ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ በመኪና የተገጨ ወፍ አገኙ፤ መውሰድ የቻሉት አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ክንፉ ከሚታወቁት የሌሊት ወፎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። (የሌሊት ወፍ ስል ጥርስ ያላትን አይደለም፤ ማታ ማታ መንገድ ላይ የምትተኛውን ባለ ላባ ወፍ ነው። ይኸው፣ የአማርኛ ስምም ያደናግራል።) በ1995 ስሟ ሲወጣ የዝርያዋ ስም «ሶላላ» ተባለ፤ ብቸኛ ክንፍ እንደማለት። ክንፉ ዛሬም እንግሊዝ አገር ተቀምጧል።

የእኛ ዕፅዋት ምስክሮችም አብዛኞቹ ውጭ ናቸው። በትግራይና በሰሜን ዘመኑን ያሳለፈው ዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር ያከማቻቸው በየአውሮፓ ከተማ ተበትነዋል፤ በርሊን የነበረው ስብስብ በ1943 በቦምብ ሲቃጠል ብዙ የኢትዮጵያ ምስክር አብሮ ነደደ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት በ1959 ተመሠረተ። ከ1980 እስከ 2009 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተሠራውና ወደ 6,000 ዝርያዎች የተመዘገቡበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ፣ እነ ሰብስቤ ደምሰው፣ እንሰርሙ ቀልቤሳ፣ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የደከሙበት ነው። ኡፕሳላ የሊኔየስ ከተማ ነው፤ ሥራው ዞሮ እዚያው ገጠመ።

ሴትዮዋ ጓሮ ውስጥ ከእንሰቱ ጥላ ሥር አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ለስላሳና የሚሸት። የወላይታ ድንች ነው። «ድንች» ሲባል ከሌላው ድንች ጋር ወንድም የሚመስለው ብዙ ነው። ቀጠን ያለውን ግንድ በጣት ማሸት ግን ይበቃል። ባለ አራት ማዕዘን ግንድና ሽታ ያለው ቅጠል የበሶብላ፣ የጦስኝና የጥብስ ቅጠል ቤት ምልክት ነው። የወላይታ ድንች የእነርሱ ዘመድ ነው። ሌላው ድንች ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን የቲማቲም፣ የቃሪያ፣ የትምባሆ፣ የአስተናግርም ዘመድ ነው። ወደ አገራችን ያስገባው ያው ሺምፐር ነው፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ። ዛሬ እንግዳው ያለ ቅጽል «ድንች» ይባላል፤ ባለአገሩ ግን «የወላይታ» ተብሎ መታወቂያ ማሳየት አለበት።

የሳይንስ ስሙም ዕረፍት አላገኘም። መጀመሪያ ኮሊየስ ተባለ፤ ቆይቶ ፕሌክትራንተስ ሆነ፤ በዲኤንኤ ዘመድነቱ ሲጣራ በ2019 ወደ ኮሊየስ ተመለሰ፤ ያውም ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ዝርያ ንዑስ ክፍል ሆኖ። ሰዎች «እነዚህ ሳይንቲስቶች አንድ ነገር ላይ አይጸኑም» የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው። ስሙ የሚለወጠው ግን ስለ ቤተሰቡ የሚታወቀው ሲጨምር ነው፤ የቤቱ ስም ከፊት በመቀመጡ የተክሉን ቤት ያገኘ ሁሉ ስሙን መቀየር ይገደዳል። የሊኔየስ ብልሃት የተሸከመው ዕዳ ይህ ነው።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ከዝርያ ወደ ላይ ነው። የዲምቱዋ እናት ራሳቸውን የነቀነቁት ግን የሳይንስ መሰላል ለእርሳቸው ሥራ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ስለሚያልቅ ነው። «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ብሎ እንሰት ገዝቶ የሚመጣ ባል እቤት አይገባም።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ወላይታ ውስጥ ብቻ 67 የእንሰት ዓይነቶችን ከነስማቸው መዝግቧል። የሚለዩዋቸው በቅጠሉ ቀለም፣ በቅጠሉ መሐል ባለው አጥንት፣ በግንዱ ጠቃጠቆ፣ በቅጠሎቹ አቋቋም ነው። ከዚያ በላይ ሌላ ሳጥን አለ፤ ሁሉም ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት። ይህ ከአበባ ጋር አይገናኝም፤ ሊኔየስ ቢሰማ ግራ ይገባው ነበር፣ ምክንያቱም እንሰት በአንድ ተክል ላይ ወንዴም ሴቴም አበባ ያወጣል፤ ገበሬው ደግሞ አበባውን ብዙ ጊዜ አያየውም፣ ሳያብብ ይነቅለዋል። ወንድ የሚባለው ብርቱ ነው፤ በሽታና ድርቅ ይችላል፣ ጭረቱ ብዙ ነው፣ ይዘገያል። ሴት የሚባለው ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ አሚቾው፣ ማለትም ሥሩ፣ ተቀቅሎ ይጥማል። ቦዬ ለሚሉት ሥራ ሥርም እንዲሁ ወንድና ሴት አላቸው። ይህ ምደባ ከማን ተወለድክ አይልም፤ ምን ላደርግብህ እችላለሁ ነው የሚለው። በዚህ የሚናደድ ሳይንቲስት ካለ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ደግሞስ አንድ የእንሰት ስም ምንን ነው የሚሰይመው? እንሰት የሚራባው በዘር አይደለም። ሥሩ ይቆፈርና የዕድገት እምብርቱ ይወጣል፤ የቀረው ተቀብሮ አፈር ይለብሳል። ከተቆረጠው ዙሪያ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ችግኞች ይበቅላሉ፤ ሁሉም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ስለዚህ «ሃላ» የሚለው ስም፣ ነገሩ በትክክል ከሄደ፣ በሺህ ጓሮዎች የቆመን አንድ ተክል ነው የሚጠራው። የሳይንስ ዝርያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተለያዩ ግለሰቦችን በአንድ ስም ይጠቀልላል፤ የወላይታ ስም አንድን ግለሰብ ይከተላል። ለዚህም ነው በወላይታ የሚገኘው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል እንሰትን እንደ ስንዴ በቀዝቃዛ ክፍል በዘር ሳይሆን በማሳ ላይ ተክሎ የሚጠብቀው፤ ዘሩ ቢቀመጥ የሚበቅለው ልጁ ነው፣ ሃላ አይደለም።

«በትክክል ከሄደ» ያልኩት በምክንያት ነው። በ2002 አልማዝ ነጋሽና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከካፋና ሸካ፣ ከሲዳማ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የተሰበሰቡ 146 እንሰቶችን በዲኤንኤ መረመሩ። ስማቸው የተለያየ ሆነው በውስጥ አንድ የሆኑ ቡድኖች ተገኙ። ይህ አያስገርምም፤ ችግኝ በጋብቻም በገበያም ይዞራል፣ የሄደበት አገር ቋንቋ ሌላ ነው። እንሰት ራሱ በሲዳምኛ ዌሴ፣ በኦሮምኛ ወርቄ፣ በጉራግኛ እሰት ነው፤ በሰሜን ዳቦ የሚጠቀለልበት ኮባም እርሱው ነው። አንድ ነገር በብዙ ስም፣ ብዙ ነገር በአንድ ስም፤ ሊኔየስን ያስጨነቀው ችግር ጓሮ ድረስ ወርዶ አለ።

ትክክለኛ ስም ምን እንደሚጠቅም ያየሁት በአጠውልግ ነው። ይህ የእንሰት በሽታ መሐለኛውን ቅጠል አጠውልጎ ተክሉን ከነሥሩ ያበሰብሳል። በ1968 ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ አምጪውን ባክቴሪያ ለይተው «ዛንቶሞናስ ሙሳሴያሩም» ብለው ሰየሙት፤ በሳይንስ መዝገብ በኢትዮጵያዊ እጅ ከተጻፉ ስሞች አንዱ ነው። ባክቴሪያው በኋላ የሌላ ዝርያ ክፍል ተደርጎ ተመዘገበ፤ በ2020 ደግሞ ወደ ሦስተኛ ዝርያ ተዛወረ። በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ የሙዝ ማሳዎችን ሲፈጅ፣ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ቀድሞ እዚህ የተጻፈው ወረቀት ነበር መነሻው። በገበሬው በኩል ደግሞ በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ የሚችል ስም ይታወቃል፤ ማዚያ። ተመራማሪዎችም ይህን ስም ተከትለው ሄደው፣ ሲፈትኑት ከብዙዎቹ የተሻለ ሆኖ አገኙት።

ይህን ሁሉ ጓሮው ውስጥ ቆሜ ለእናትየው አላስረዳሁም። የነገርኳቸው የላቲኑን ትርጉም ብቻ ነው። ልጁ ሲተረጉምላቸው ሳቁ፤ ሃላውን መታ መታ አድርገው በወላይትኛ አንድ ነገር አሉ። «ቦርጭ ያላትማ ይቺ ናት፣ እዚያኞቹ ገና ናቸው ትላለች» አለኝ ልጁ።

ልንወጣ ስንል ከአጥሩ ሥር ክንድ የማትሞላ ችግኝ አየሁ፤ ዙሪያዋ ፍግ ተከምሮላታል። ስሟን ጠየቅሁ። እናትየው ወዲያው አልመለሱም።

«ገበያ ላይ ማዚያ ናት ብለው ነው የሸጡልኝ» አሉ በልጃቸው በኩል። ጎንበስ ብለው የቅጠሏን አጥንት በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩት። «ትደግ። ያኔ እነግርሃለሁ።»